በትር ለያዘ ይከፈት፥ ጠመንጃ ለያዘ ይዘጋ
(የታሪክ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዛሬው በዓል እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ስለ በረሃ ድንበር ልንናገር መነሣታችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አይቀርም። የምንኖረው በአንዋር መስጊድ ሰፈር፥ በመርካቶ መካከል ነው፤ ከደጃችን የምናየው ሱቅና ሸክም እንጂ ግመልና አሸዋ አይደለም። ይሁን እንጂ በሰፈራችን ከሚሸጠው ዕጣን ከኦጋዴን የመጣ አለበት፤ ለበዓል ከሚታረደውም ሰንጋ የቦረና ከብት አለበት። ይህን ዕጣን የሚለቅመውና ይህን ከብት የሚያረባው ወገናችን ኑሮው በጠረፍ ነው። እርሱ በሰላም ውሎ ካላደረ የእኛም ገበያ አይሞላም። ስለዚህ መንግሥታት ስለዚህ ሰው መሻገርና ስለ ከብት ዘረፋ የተዋዋሉትን ውል መርምረን ያገኘነውን በአጭሩ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ከምን እንደሚነሣ እንመልከት። ከጅጅጋ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሐውድ የሚባል ሰፊ ሜዳ ይገኛል። ዝናም ሲጥል ሣሩ ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ውሃ የለውም። በበጋ የማይደርቀው ጉድጓድ ያለው ወደ ሰሜን፥ በሐርጌሳና በቡርዖ በኩል ነው። ስለዚህ ከብት አርቢው በዝናም ጊዜ ግመሉንና በጉን ነድቶ ወደ ሐውድ ይመጣል፤ ሣሩና ኩሬው ሲደርቅ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ይህ ከንቱ መንከራተት አይደለም፤ ገበሬ የሚዘራበትንና የሚያጭድበትን ወር እንደሚያውቅ ሁሉ እርሱም የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ወር ያውቃል። እንግዲህ በዚህ አገር ላይ አንድ መስመር ቢሠመር ሣሩ በአንዱ መንግሥት፥ ውሃው በሌላው መንግሥት እጅ ይቀራል። በ1889 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው።

የዐድዋ ድል በተገኘ በዓመቱ፥ በግንቦት ወር 1889 ዓ.ም.፥ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተዋዋለ። የሶማሌላንድን ድንበር ነገር ደግሞ ከሐረር ገዥ ከራስ መኰንን ጋር በደብዳቤ ጨረሰ። ከዚህ ውል ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፥ የሁለቱ ወገን ሰዎች በነፃነት እንዲገቡና እንዲወጡ ፈቅዶ፥ የታጠቀ ጭፍራ ግን ያለ ሹሞች ፈቃድ በማናቸውም ምክንያት ድንበር እንዳይሻገር ይከለክላል። ሁለተኛው፥ በመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ጐሣዎች በማዶው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፥ በቅርብ ወዳለው ጉድጓድም እንዲደርሱ መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን በተሻገሩበት ጊዜ የሚዳኙት በዚያው ምድር ባለ ሥልጣን ነው። በአጭር ቃል፥ በሩ በትር ለያዘ ይከፈታል፥ ጠመንጃ ለያዘ ይዘጋል፤ የገባውም እንግዳ የቤቱን ሕግ ያከብራል ማለት ነው።

ይህ አሳብ ለመርካቶ ልጅ አዲስ ሊሆን አይገባም። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት የአንዋር መስጊድ ግቢ አልበቃ ብሎ ሰጋጁ እስከ መንገዱ ድረስ ይነጠፋል። በዚያ ሰዓት ነጋዴው ዕቃውን ይሰበስባል፥ መኪናውም ይቆማል። ሶላቱ ሲያልቅ መንገዱ ለመንገደኛው፥ ደጃፉም ለባለ ሱቁ ይመለሳል። እንዲሁም መስከረም 1 ቀን በጎረቤታችን በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ታቦት ሲወጣ መንገዱ ለምእመናኑ ይለቀቃል። መንገዱን ማንም «የእኔ ሆነ» አይልም፤ ባለ ሱቁም «ተወሰደብኝ» አይልም። መጠቀም ሌላ፥ ባለቤት መሆን ሌላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የግጦሽ መብት ማለት ይኸው ነው፤ የምድሩ ባለቤትነት ሳይነካ ሰዓቱና ወቅቱ የታወቀ አጠቃቀም ነው።

ወደ ውሉ እንመለስ። በኅዳር ወር 1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያና እንግሊዝ ዛሬ ኬንያ በሚባለው አገር በያዘችው ግዛት መካከል ያለው ድንበር ሲወሰን፥ ስለ ግጦሽና ስለ ጉድጓድ የተጻፈው ቃል ከ1889ኙ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። በዚህም የቦረናና የገብራ ከብት አርቢዎች እንደ ቀድሞው ተሻግረው ለማጠጣት መብት አገኙ።

በዚያው ዓመት፥ ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም.፥ ከኢጣልያ ጋር የተደረገው ውል ግን አካሄዱ ሌላ ነበር። ይህ ውል በብዙ ቦታ ድንበሩን የወሰነው በተራራና በወንዝ ሳይሆን በጐሣ ስም ነው። ከዶሎ እስከ ዋቢ ሸበሌ ድረስ ረሐንዌን የተባለው ጐሣ ለኢጣልያ፥ ከእርሱ በስተ ሰሜን ያሉት ሁሉ ለኢትዮጵያ ሆኑ። ከዋቢ ሸበሌ ወዲያ ደግሞ ወደ ባሕር ጠረፍ ያሉት ጐሣዎች አገር ለኢጣልያ፥ የኦጋዴን ምድር በሙሉ ለኢትዮጵያ ተባለ። ሁለቱ መንግሥታት የየራሳቸው ጐሣዎች ግፍ ለማድረስ ድንበር እንዳይሻገሩ ሊከለክሉ፥ ጠብ ቢነሣም በስምምነት ሊጨርሱ ቃል ገቡ። መስመሩም በተቻለ ፍጥነት በምድር ላይ እንዲተከል ተስማሙ። የዘረፋውን ነገር በመከልከል ረገድ ይህ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ዝናም በጣለበት የሚሄደው ሰው እንደ ግንብ ሊቆም አይችልምና፥ በጐሣ ስም የተወሰነ ድንበር ጐሣው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክርክር ያስነሣል። ከዶሎ በኩል ጥቂቱ ብቻ ተለክቶ የቀረው ሳይተከል ቀረ።

የዚህ መዘዝ ምን እንደ ሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋል። በኦጋዴን ውስጥ ወልወል የሚባል የጉድጓዶች ስፍራ አለ፤ ከብት አርቢዎች ከሩቅ መጥተው የሚያጠጡበት ነው። የኢጣልያ ወታደሮች መስመሩ አለመተከሉን ምክንያት አድርገው ወደ ስፍራው ገብተው ምሽግ ሠሩ። በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሲዮን የግጦሹን ስፍራ ሊመረምር ወልወል ሲደርስ ይህን ጦር አገኘ። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተነሥቶ ከኢትዮጵያ ወገን ብቻ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ኢትዮጵያ በ1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በገባችው የወዳጅነት ውል መሠረት ነገሩ በዳኛ እንዲታይ ጠየቀች። ዳኞቹ በነሐሴ መጨረሻ በወልወሉ ግጭት ሁለቱም መንግሥታት ጥፋተኛ አይደሉም ብለው ፈረዱ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ሙሶሊኒ ጦርነቱን አስቀድሞ እንዳሰበው የታወቀ ነው። ነገር ግን ሰበብ ፈላጊው ሰበቡን ያገኘው በከብት ማጠጫ ጉድጓድ አጠገብ መሆኑን መርሳት አይገባንም። ሳይተከል የቀረ ድንበር ለወራሪ የተተወ በር ነው።

ከነፃነት በኋላም የሐውድ ጉዳይ አልተቋጨም። እንግሊዝ ሐውድንና አካባቢውን በጦር አስተዳደር ይዛ ቆይታ፥ ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተደረገው ስምምነት መሠረት በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ለኢትዮጵያ አስረከበች። ስምምነቱ ከሶማሌላንድ የሚመጡ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መብት እንዲጠበቅ፥ ነገራቸውንም የሚያይ የእንግሊዝ አገናኝ ሹም በአገሩ እንዲኖር ፈቀደ። ኢትዮጵያ የራሷን ምድር መልሳ ማግኘቷ ተገቢ ነበር። ሆኖም ስለ ስምምነቱ ከሶማሌላንድ ከብት አርቢዎች ጋር የመከረ አልነበረም፤ ልዑካኖቻቸው አቤቱታ ይዘው ለንደን ድረስ ሄዱ። በሰኔ ወር 1952 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ከእንግሊዝ ነፃ ስትወጣና ከደቡቡ ጋር ስትዋሐድ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የግጦሽ ስምምነት አብሮ ማለቁን አስታወቀች፤ አዲሱ የሱማሌ መንግሥት በበኩሉ ድንበሩን አልቀበልም አለ። ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክርና በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ስንት ነፍስ እንዳጠፋ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ውሉ ፈረሰ፥ ዝናሙ ግን መዝነቡን አልተወም፤ ከብት አርቢውም እስከ ዛሬ ይሻገራል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? እኛ ሦስት ነገር ተምረናል።

አንደኛ፥ ድንበር በግልጽ መተከል አለበት። አንዳንድ ሰዎች ድንበር ከጠነከረ ከብት አርቢው ይጐዳል ይላሉ፤ እኛ ግን ተቃራኒውን አይተናል። ከኬንያ ጋር ያለው ድንበር ሰኔ 2 ቀን 1962 ዓ.ም. ሞምባሳ ላይ በተፈረመው ውል ስለ ተወሰነ፥ በሞያሌ በኩል በጐሣዎች መካከል ጠብ ቢነሣም ሁለቱ መንግሥታት በድንበር ምክንያት አልተዋጉም። ቤቱ የማን እንደ ሆነ የታወቀለት ሰው እንግዳ ለመቀበል አይፈራም።

ሁለተኛ፥ ውል የተበደለውን ሰው የሚክስበትን መንገድ ካላሳየ ባዶ ቃል ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። የመንግሥታቱ ውሎች ዘረፋን ቢከለክሉም ግመሉ ለተዘረፈበት ሰው ማን እንደሚከፍለው በቅጡ አልተናገሩም። የጐሣዎቹ ሕግ ግን ይናገራል። በሱማሌዎች ሔር በሚባለው ሕግ የወንድ ነፍስ ካሳ ከጥንት ጀምሮ በ100 ግመል ይቈጠራል፤ ካሳውንም የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ወገኑ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ወገኑ ጐረምሳውን ይቈጣጠራል። በቦረና ዘንድ ደግሞ በጥልቁ ኤላ ላይ አባ ሄሬጋ የተባለው ሰው የማጠጫውን ተራ ይጠብቃል፤ ባለ ብዙ ከብቱም ሆነ ባለ ጥቂቱ በተራው ያጠጣል። ይህ ሕግ ሳይጻፍ ብዙ ትውልድ አሳልፏል። መንግሥታት ይህን ትተው በለንደንና በሮም ቃል ብቻ በረሃን ሊገዙ መሞከራቸው ከባድ ጉድለት ነበር።

ሦስተኛ፥ ጥበቃ የሌለው ውል ወረቀት ነው። ይህን የምንለው ስለ ጥንት ብቻ አይደለም። በሚያዝያ ወር 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የመጡ የታጠቁ ወራሪዎች ወደ ጋምቤላ ገብተው ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደሉ፤ ከ100 የሚበልጡ ሕፃናትንና በሺህ የሚቈጠር ከብት ነድተው ወሰዱ። ከሕፃናቱ ከፊሎቹ በኋላ ተመልሰዋል። ጋምቤላ በረሃ ባይሆንም ሕመሙ አንድ ነው። በእኛ ዕድሜ ያሉ ልጆች ከእናታቸው እቅፍ እንደ ከብት ተነድተው መወሰዳቸውን ስናስብ፥ የታጠቀ ጭፍራ አይሻገር የሚለው የ1889 ዓ.ም. ቃል ዛሬም ፈጻሚ እንደሚፈልግ እንረዳለን።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የኢጋድ አገሮች ሚኒስትሮች ከብት አርቢዎች በየወቅቱ ድንበር እየተሻገሩ ስለሚያሰማሩበት ሥርዓት ካርቱም ላይ አንድ ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። የዳግማዊ ምኒልክና የሮድ ውል የጀመረው አሳብ፥ በትር ለያዘ መክፈት፥ ጠመንጃ ለያዘ መዝጋት፥ በአዲስ ልብስ ተመልሷል ማለት ነው። የቀረው ነገር ከኤላው አጠገብ የሚኖሩትን ሽማግሌዎች በጉባኤው ማስቀመጥና ውሉን በሚገባቸው ቋንቋ ማንበብ ነው።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን! ከመካከላችን ነገ ዳኛ የሚሆን፥ መሐንዲስ የሚሆን፥ የከብት ሐኪም የሚሆን፥ ለድንበር ጉባኤ የሚላክም ይገኛል። ያን ጊዜ ካርታ ከመዘርጋቱ በፊት ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቅ አደራ እንላለን፤ ሣሩ የት ነው? ውሃውስ የት ነው? መሐንዲሱም በሐውድ ብርካ ሲሠራ አዲስ የውሃ ማጠራቀሚያ አዲስ ጎረቤትና አዲስ ጠብ ሊያመጣ እንደሚችል አስቦ፥ ሲሚንቶው ሳይፈስ የመጠጫው ተራ እንዲወሰን ያድርግ። በዚህ ሰፈር መንገድ ለዓርብ ሰጋጅና ለራጉኤል በዓል እየለቀቁ መኖርን የተማረ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም ብለን እናምናለን።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፥ ለጠረፍ ወገኖቻችን ዝናምና ሰላም እንመኛለን።