ስለ አንድ የተዘጋ ሲኒማ ቤት የተደረገ ንግግር



ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዘመን ተዘግቶ ወደ ኖረ አሮጌ ሲኒማ ቤት በጓሮ ገባን። የከተማይቱን የመጀመሪያ ሲኒማ የቀድሞው ሰው «ሰይጣን ቤት» ይለው ነበርና፣ ጨለማው ጥቂት አስፈርቶናል ብንል አናፍርም።

ፎቅ ላይ የማሽኑን ክፍል አገኘን፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ ጠባብና የብረት መዝጊያ ያላቸው ናቸው። እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ገደማ ይሠራበት የነበረው የናይትሬት ፊልም እንደ ባሩድ ይነድ ስለ ነበረ፣ እሳት ሲነሣ መዝጊያው ወርዶ ተመልካቹን እንዲያድን ነው።

በዚህ መካከል ዘበኛው ደረሱብን። «ልጆቼ፣ እናንተ ብትያዙ ተግሣጽ ነው፤ እኔ ግን እንጀራዬን አጣለሁ» አሉን። ለራሳችን እንጂ ለእርሳቸው አላሰብንም ነበር። ይቅርታ ጠይቀን ወጣን።

አሁን ለባለቤቱ የፈቃድ ማመልከቻ ጽፈናል፤ መፈረም የምትሹ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ።