ሕፃናትን ሶላት ስለ ማስተማር



የዛሬው ንግግራችን ሙስሊም ወላጆች ለሕፃናት ልጆቻቸው ሶላትንና መልካም ጠባይን ስለሚያስተምሩበት መንገድ ነው። ለምሳሌ የምትሆነንም በኢሉባቦር የምትገኘው ቡሬ ናት።

ቡሬ የንግድ መንገድ የሠራት ከተማ ናት። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፥ የጎሬ ቡና በጭነት ከብት በቡሬ በኩል ወደ ባሮ ወንዝ ይወርድ፥ ከዚያም በመርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ቡና ባለበት ሁሉ ሚዛን አለ፤ ሚዛን ባለበትም መተማመን ያስፈልጋል።

ሙስሊም ሕፃን በጥንቱ ልማድ በእንጨት ሉሕ ላይ የዓረብኛ ፊደል ይቆጥራል። ቀጥሎ ሰባት አንቀጽ ያላትን ፋቲሓን፥ ከዚያም በቁርኣን መጨረሻ፥ በ30ኛው ክፍል ያሉትን አጫጭር ምዕራፎች በቃሉ ይይዛል። ሰባት ዓመት ሲሞላውም ስገድ ይባላል፤ እጁን እስከ ክርኑ፥ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ መታጠብንና አምስቱን የስግደት ጊዜያት መጠበቅን ይማራል።

ነገር ግን በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ሕፃን ፍቺው ካልተነገረው ድምፁን እንጂ ምክሩን አይወርስም። ሕፃኑ ከሚሸመድዳቸው ከእነዚሁ ምዕራፎች መካከል 83ኛው ለራሳቸው ሞልተው ለሌላው አጉድለው የሚሰፍሩትን ይገሥጻል፤ 107ኛውም እየሰገዱ ጥቂቱን ርዳታ እንኳ ለሰው የሚነፍጉትን ይወቅሳል። ልጁ ጧት ይህን አንብቦ፥ ከቀትር በኋላ አባቱ የገበሬውን ቡና አጉድሎ ሲመዝን ቢያይ፥ የትኛውን ትምህርት ይይዛል? ዐይኑ ያየውን መያዙ አይቀርም።

ስለዚህ ወላጅ ሥራውን ሁሉ ለሼሁ ትቶ ሊቀመጥ አይገባውም። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፥ የተማረውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያስረዳው። ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ተተርጉሞ ስለ ታተመ፥ አማርኛ ለሚያነብ ወላጅ ፍቺው ሩቅ አይደለም። ስግደቱንም በቁጣ ሳይሆን ከጎኑ አቁሞ አብሮት በመስገድ ያስለምደው።

ይህ ነገር የነጋዴ ብቻ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛም፥ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፥ ሚዛን አለው፤ ሚዛኑም በጠረጴዛው ላይ ያለው የባለጉዳዩ ፋይል ነው። የድኻውን ጉዳይ ያለ በቂ ምክንያት ለነገ የሚያሳድር ሰው አጉድሎ ሰፍሯል። ማታ ቤቱ ገብቶ ልጁን ስለ እውነተኛነት ሲመክር ቃሉ የሚከብደው፥ ቀን በቢሮው የሠራው ሲመሰክርለት ነው።