ለጋዛ ስንወጣ እንዴት እንውጣ?
ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀመዓ የተደረገ ንግግር፣ ነሐሴ 2006



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ የደሴና የኮምቦልቻ ሙስሊሞች! ሰሞኑን ከመስጂድ ስንወጣ ወጣቶቻችን ይዘውን «ለጋዛ ሰልፍ የምንወጣው መቼ ነው?» ይሉናል። አባቶቻችን ደግሞ «ልጆቼ፣ የራሳችን መቼ አለቀና?» ይሉናል። ሁለቱም ጥያቄ ከቅን ልብ የመጣ ነው። ዛሬ ሁለቱንም አንድ ላይ ልናያቸው ወደናል።

በአባቶቻችን ጥያቄ እንጀምር። እውነታቸውን ነው። መርጠን የላክናቸው ኮሚቴዎቻችን ከሐምሌ 2004 ጀምሮ እስር ላይ ናቸው፤ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ሐምሌ 11 ቀን፣ በረመዷን ጁሙዓ፣ በታላቁ አንዋር መስጂድ በሰጋጆች ላይ የወረደውን ዱላ ገና አልረሳነውም። እዚህ መካከላችንም የልጇን መመለስ የምትጠብቅ እናት አለች። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሩቅ አገር ሰልፍ ሲነሳ «የራሳችን መቼ አለቀና?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን በዚያው ረመዷን ጋዛ ላይ የሆነውን አስቡት። ሐምሌ 1 ቀን የጀመረው ድብደባ በዒድም ቀን አላቆመም። ወደ 2,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ሞተዋል፤ ከእነዚህ ከ400 የማያንሱት ሕፃናት ናቸው። ጋዛ ርዝመቷ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ ተነስተን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ደርሰን ብንመለስ ከዚያ አይተናነስም። በዚያች ጠባብ ስፍራ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል፤ ከ1999 ወዲህ በየብስም፣ በባሕርም፣ በአየርም ተከቦ። ቦምብ ሲወርድበት ወዴት ይሽሽ?

ወንድሞችና እህቶች! ለአባቶቻችን ጥያቄ መልሱ እዚሁ ቀያችን አለ፤ ቅሬያችን ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው ጥሪ ይሰማል። የተጠራው ሰው ቤቱ በሽተኛ ሊኖር ይችላል፤ ዕዳም ይኖርበት ይሆናል። ቢሆንም ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል እንጂ «የራሴ ሳያልቅ» ብሎ አይቀርም። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አይጠይቅም። የወሎ ሰው እንዲህ ነው ያደገው። ለጋዛ መውጣትም ልቅሶ መድረስ ነው። እኛ ደግሞ «ድምፃችን ይሰማ» ስንል የከረምን ሰዎች ነን። የማይሰማ ሰው ምን እንደሚሰማው ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ሌላው ቢረሳቸው እንኳ እኛ ልንረሳቸው አይገባም።

አገራችን በእስልምና ታሪክ ስሟ የገነነውም በዚህ ነው። ነጃሺ በሩን ሲከፍት የመጡት ሰዎች ወገኖቹ አልነበሩም፤ እምነታቸውም የእርሱ አልነበረም። መበደላቸውን ሰማ፤ አስጠጋቸው። በእኛው ዘመንም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ለእኩልነት ሲወጡ ክርስቲያን ወገኖቻቸው አብረዋቸው ተሰልፈዋል። የእነሱ በዓል ቀድሞም ይከበር ነበር፤ የወጡት ለእኛ ነበር። ያን ቀን የተዋስነውን ዛሬ ለሌላው እንመልስ።

አሁን ወደ ወጣቶቻችን ጥያቄ እንምጣ። መውጣት ተገቢ ነው ካልን እንዴት እንውጣ?

አንደኛ፦ ልቅሶ ቤት ገብቶ የራሱን ዕዳ የሚያወራ ሰው ነውረኛ ነው። ለጋዛ በወጣንበት ቀን የራሳችንን ጥያቄ አንቀላቅል። ጥያቄያችን የራሱ ቀንና የራሱ ቦታ አለው፤ በሰላም እንቀጥልበታለን። የሕፃናትን ደም ለራሳችን ጉዳይ መሸፈኛ ካደረግነው ግን ጋዛንም ራሳችንንም እናዋርዳለን። በዚያ ቀን ወረቀታችንም መፈክራችንም ስለ እነሱ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፦ ልቅሶ ላይ ስድብ የለም። የምንቃወመው በደልን ነው፤ አይሁድ ሆኖ የተወለደን ሰው አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጦርነት እንኳ ሴቶችና ሕፃናት እንዳይገደሉ ከልክለዋል። ይህ ሕግ ለወዳጅ ሲሆን የሚጠብቅ፣ ለጠላት ሲሆን የሚላላ አይደለም። በእስራኤል በኩል የሚሞት ሰላማዊ ሰውም ነፍስ ነው። ነሐሴ 3 ቀን በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ለጋዛ ተሰልፎ ነበር። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ተገኝተው ሰልፈኛው የፍልስጤምን መያዝና የጋዛን ግድያ እንዲቃወም፣ አይሁዶችን ግን እንደማይቃወም አብሯቸው በድምፅ እንዲናገር አድርገዋል። በአፓርታይድ የተገፋ ሕዝብ ይህን ማለት ከቻለ እኛም እንችላለን።

ክርስቲያን ጎረቤታችንም ሰልፋችንን ሲያይ «ይህ የሃይማኖት ፀብ ነው» ብሎ እንዳይሰጋ ነገሩን እናስረዳው። ፍልስጤማውያን ውስጥ ክርስቲያኖች አሉ። በሐምሌ ወር የሹጃዒያ ሰፈር ሲደበደብ የሸሹ ሙስሊም ቤተሰቦች ጋዛ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ፖርፊሪዮስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠልለዋል። ይህን ለጎረቤታችን ቡና ላይ እንንገረው። አብሮን ሊወጣ ከፈለገም ቦታ እንልቀቅለት።

ሦስተኛ፦ በሕግ እንውጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብንና ሰልፍ መውጣትን መብት ያደርገዋል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሰልፉ ከመደረጉ 48 ሰዓት በፊት ዓላማውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠይቃል። ከመስጂድ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከሆስፒታል 100 ሜትር ክልል ውስጥም ሰልፍ አይፈቀድም። እነዚህን እናክብር። ድንጋይ የሚያነሳ እጅ ብናይ ቀድመን የምንይዘው እኛ እንሁን። ጥቅምት 2005 ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ገርባ የሰላማዊ ሰዎችም የፖሊስም ሕይወት ጠፍቷል። ያ ሐዘን ዛሬም ከቤታችን አልወጣም። ሰው ስለ ሞተ የወጣ ሰው ሌላ ሞት ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ አይገባም።

መሥመሩን ጠብቀን እንሂድ። የገበያተኛዋን እናት መደብ አንርገጥ። ለአምቡላንስ መንገድ እንተው። ሴቶችና አዛውንት በመካከል ይሁኑ። ሰልፉ ሲያልቅ የጣልነውን ወረቀት ለቅመን እንበተን።

አራተኛ፦ ልቅሶ የደረሰ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። መፈክር ቁስል አያሽርም። ስለዚህ ከሰልፉ በፊትም በኋላም ሰደቃችንን እናሰባስብ፤ በሚታመን እጅና በሕጋዊ መንገድ ይሂድ። ከሰላት በኋላ ዱዓችን አይቋረጥ። የጋዛን ሰው ስም ለአንድ ጁሙዓ ጠርተን በሁለተኛው ከዘነጋነው ለቅሷችን የይስሙላ ነበር ማለት ነው።

«ባይሆንልንስ? ደብዳቤያችንን የሚቀበል ብናጣስ?» የሚል አለ። ሊሆን ይችላል። ሕጉ ማሳወቅን እንጂ ማስፈቀድን አይልም፤ ይህን በትሕትናና በጽሑፍ እናስረዳለን። መንገዱ ከተዘጋብን ግን ልጆቻችንን ወደ ዱላ አንመራም። በመስጂዳችን ግቢ እንደለመድነው በዝምታ እንቆማለን፤ ዱዓ እናደርጋለን፤ ሰደቃችንን እንሰጣለን። የቅሬ ሰው ቀብር ላይ መድረስ ቢከለከል ቤቱ ሆኖ ያለቅሳል እንጂ ሐዘኑን አይተውም።

አባቶቻችን! እናንተ ያላችሁት አልተረሳም። የታሰሩብንን ማስፈታት ሥራችን ነው፤ በእሱም ላይ እንዳለን ነን። ወጣቶቻችን! እናንተም ያላችሁት ተሰምቷል። ልባችሁ ስለ ሩቅ ወገን መንደዱ የሚያኮራ ነው፤ እግራችሁ ደግሞ ከልባችሁ ጋር በሥርዓት ይሂድ።

አላህ የጋዛን ሙታን ይማር፣ ቁስለኞቻቸውን ያሽር፣ ወላጅ ላጡ ሕፃናት እርሱ ዘመድ ይሁናቸው። የታሰሩ ወንድሞቻችንን በሰላም ያስፈታልን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን። ከበዳይም ከተበዳይም በኩል ለፍትሕ የሚቆም ሰው ያብዛልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።