የፍጻሜው ምሽት ከፍኖተ ሰላም ሲታይ

እሷ፦ የመጀመሪያው ባላገሩ አይዶል፣ የቴሌቪዥኑ የዘፈን ውድድር፣ በ2008 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ አሸናፊው ዳዊት ጽጌ ነበር። ውድድሩ ዓመታት ስለፈጀ ተመልካቹ ተወዳዳሪዎቹን እንደ ጎረቤት ልጅ ለምዷቸው ነበር።

እሱ፦ ለዚህም ነዋ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በፍጻሜ ምሽት እንግዳ የማያጣው!

እሷ፦ ቤተሰቡስ? ልጁ ዘፋኝ ልሁን ሲል «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ የሚቆጣው አባት ድሮ ጥቂት አልነበረም። ዛሬ ካሜራው እናትን ፈልጎ እንባዋን ያሳያል፤ እውነት ለመናገር፣ አንዳንዴ ከዘፈኑ ይልቅ እሷ ላይ ይቆያል።

እሱ፦ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉበት የምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን ያለ ቴሌቪዥንም ለዘፋኝ ዳኝነት እንግዳ አይደለም። ሠርግ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ታዳሚው «ተቀበል» እያለ ግጥም ያቀብለዋል። ደስ ያሰኘው ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ያላማረው ወሬውን ይቀጥላል። ውጤቱ እዚያው ነው፤ ማስታወቂያ እስኪያልቅ የሚጠብቅ የለም።

እሷ፦ በዚያ ላይ ዳኛውን የሚያማ የለም በለኛ!

እሱ፦ እሱስ ይታማል። የቴሌቪዥኑ ግን ይብሳል፤ ደጋፊው ልጁ ሲወድቅ ድምፁን ሳይሆን ዳኞቹን ይመረምራል።

እሷ፦ ማሸነፍም ቢሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። የዳዊት አድናቂዎች «የኔ ዜማ» የተሰኘውን አልበሙን እስኪሰሙ ከድሉ በኋላ ዓመታት ጠብቀዋል።