መደበኛ ተቀናሽ ወይስ ዝርዝር ተቀናሽ? በአሜሪካ ለሚኖሩ ለጋሾች የቀረበ ንግግር



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! የግብር ማሳወቂያ ወቅት በደረሰ ቁጥር ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ዓመቱን ሙሉ ለየቲሞች ስሰጥ ቆይቼ ደረሰኜን ለሒሳብ ባለሙያው ባቀርብለት ምንም እንደማይጠቅመኝ ነገረኝ። ታዲያ ስጦታ ከግብር ይቀነሳል የሚባለው ውሸት ነውን?» የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ሆኖም ነገሩ በሥርዓቱ ሊብራራ ይገባዋል።

የአሜሪካ የፌዴራል ገቢ ግብር ሕግ ለግብር ከፋዩ ሁለት መንገዶችን ከፍቶለታል። አንደኛው መደበኛ ተቀናሽ፣ በተለምዶ «ስታንዳርድ ዲዳክሽን» የሚባለው ሲሆን፣ ያለ ደረሰኝ ከገቢ ላይ የሚቀነስ የተወሰነ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ዝርዝር ተቀናሽ፣ ማለትም «አይተማይዝድ ዲዳክሽን» ነው። በዚህኛው ሕጉ የፈቀዳቸው ወጪዎች «ስኬጁል ኤ» በተባለው ቅጽ ላይ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። ሁለቱን በአንድ ዓመት አጣምሮ መውሰድ አይቻልም፤ ደምሮ የሚበልጠውን መምረጥ ነው። ባልና ሚስት ለየብቻ የሚያሳውቁ ከሆነና አንዳቸው ዝርዝሩን ከመረጡ፣ ሌላኛውም መደበኛውን መውሰድ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2017 በጋራ ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት መደበኛው ተቀናሽ 12,700 ዶላር ነበር። በ2018 ወደ 24,000 ዶላር ከፍ አለ። ለ2026 የግብር ዓመት ደግሞ ለነጠላ ሰው 16,100፣ ለባልና ሚስት 32,200፣ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ያላገባ ሰው 24,150 ዶላር ነው። የዝርዝሩ ድምር ከዚህ ካልበለጠ ደረሰኙ ለዚያ ቅጽ አይጠቅምም። የሒሳብ ባለሙያው የተናገረውም ይህንኑ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ ከሚገቡት ዋና ዋናዎቹ የመኖሪያ ቤት ብድር ወለድ፣ የክፍለ ሀገርና የአካባቢ ግብር፣ ከተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ 7.5 በመቶ በላይ የሆነ የሕክምና ወጪ እና የበጎ አድራጎት ስጦታ ናቸው።

ከ2026 ጀምሮ ሁለት ለውጦች አሉ። መደበኛውን የሚመርጥ ሰው ለታወቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት በገንዘብ ከሰጠው ላይ እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ተጨማሪ ይቀነስላቸዋል። ዝርዝሩን የሚመርጥ ግን ከስጦታው ላይ ከተስተካከለ ጠቅላላ ገቢው ግማሽ በመቶ የሚያህለው አይቆጠርለትም።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ገቢያቸው 110,000 ዶላር የሆነ ባልና ሚስት የብድር ወለዳቸው 14,000፣ የክፍለ ሀገርና የአካባቢ ግብራቸው 12,000፣ ስጦታቸው 6,000 ቢሆን ድምሩ 32,000 ነው። መደበኛው ይሻላቸዋል፤ ከ2,000ው ጋር 34,200 ይቀነስላቸዋል፤ በሁለት ዓመት 68,400 ማለት ነው። የሁለቱን ዓመት ስጦታ በአንዱ ዓመት አጠቃለው ቢሰጡስ? በዚያ ዓመት ግማሽ በመቶው፣ ማለትም 550 ዶላር ተነሥቶ ዝርዝሩ 37,450 ይሆናል፤ በሌላኛው ዓመት መደበኛውን 32,200 ይወስዳሉ። ድምሩ 69,650 ነው። ልዩነቱ 1,250 ዶላር ሲሆን፣ በ12 በመቶ የግብር መጠን ሲሰላ የሚተርፋቸው 150 ዶላር ብቻ ነው።

ወገኖቼ! እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ለ150 ዶላር ሲባል የዘንድሮውን ስጦታ ለከርሞ ማሳደር ተገቢ አይደለም። የየቲም ቀለብ ወርሐዊ ነው፤ የግብር ዘመን እስኪገባለት ጾሙን አያድርም። ማጠቃለል ያሻው ሰው የመጪውን ዓመት ስጦታ እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን አስቀድሞ ይክፈል እንጂ የዘንድሮውን አያዘግይ። ቃል የተገባ ነገር ደግሞ የሚቆጠረው በተከፈለበት ዓመት መሆኑን አይዘንጋ።

በመጨረሻም ስለ አማና አንድ ቃል ልጨምር። አገር ቤት ላለ ዘመድ፣ ለየቲሙ አሳዳጊ ወይም ለራሱ ለየቲሙ በቀጥታ የተላከ ገንዘብ ምንዳው ከአላህ ዘንድ ነው፤ በግብር ቅጽ ላይ ግን አይገባም። በቀጥታ ለውጭ አገር ድርጅት የተሰጠም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። የሚቀነሰው በአሜሪካ ሕግ ለታወቀ ድርጅት የተሰጠ ነው፤ ድርጅቱ የታወቀ መሆኑንም የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ባወጣው መፈለጊያ ማረጋገጥ ይቻላል። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ አለበት። ያልተሰጠውን ተሰጠ ብሎ መጻፍ፣ ወይም ለወንድም የተላከውን የድርጅት ስጦታ አስመስሎ ማቅረብ ሐሰት ነው፤ ሰደቃን በሐሰት ማጀብም አይገባም።

እንግዲህ ወጪያችሁን ደምሩ፤ ከመደበኛው ጋር አስተያዩ፤ የሚበልጠውን ምረጡ። ግብሩ ቢቀነስም ባይቀነስም የየቲሙ ድርሻ ግን አይጓደል።