የደም ምርመራው ወረቀትና የፈረምነው ብድር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ስለ ደም ሊናገር መነሣቱ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገሩ ግን ከተዘዋዋሪ ፈንዳችን የወጣ ገንዘብ ነው። እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል አንዲት እህታችን እንቅልፍ እምቢ ብሏት፣ ሆድም ብሷት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። «ደምሽ ውስጥ ሴሮቶኒን አንሷል፤ ሐዘንሽ ከዚያ ነው» ተባለች። ለተደጋጋሚ ምርመራና ለኪኒን 4,800 ብር ተበደረች። እኛም ምንም ሳንጠይቅ ፈረምን። ይህን የምንናገረው በፈቃዷ ነው፤ ስሟን ግን አንጠራም።

ከፈረምን በኋላ ነው እንግዲህ ነርስ ከሆነች አባላችን ጋር ቁጭ ብለን ነገሩን ያጠናነው። ይቅደም የነበረው ይኸው ነበር።

ሴሮቶኒን መጀመሪያም ስሙን ያገኘው ከደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ሦስት ተመራማሪዎች ከደም ፈሳሽ ለይተው አወጡት፤ ይፈልጉ የነበረው የደም ሥርን የሚያጠብ ነገር እንጂ የደስታ ምንጭ አልነበረም። ታዲያ ማን ያመርተዋል? መጋዘን ውስጥ የተገኘ ዕቃ ሁሉ እዚያው የተመረተ እንዳልሆነ የሒሳብ ሰው ያውቃል። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ወደ ደም ሲገባ ፕሌትሌት የሚባሉት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ሴሎች ይሰበስቡትና ያስቀምጡታል። ሽንኩርት ስንከትፍ ቢላ ጣታችንን ቢቆርጠን ቁስሉ ላይ ይለቁታል፤ የደም ሥሩ ይጠባል፣ ደሙም ይረጋል። የአንጎል ሴሮቶኒን ግን ሌላ መዝገብ ነው፤ አንጎል የራሱን ይሠራል፣ በደም ውስጥ ያለው ወደዚያ አይሻገርም። ስለዚህ ያ ወረቀት የእህታችንን ሐዘን አልለካም። ምርመራው በራሱ ከንቱ ነው አንልም፤ ሴሮቶኒን የሚያመነጭ ዕጢ በሰውነት ውስጥ በቅሏል ብለው ሲጠረጥሩ ሐኪሞች ያዙታል።

ሜላቶኒን የሚሠራው ከዚሁ ከሴሮቶኒን ነው። ሌሊት በጨለማ፣ ከአተር ፍሬ የምታንስ ፓይኒያል የምትባል የአንጎል ክፍል ትለቀዋለች፤ ብርሃን ይገታዋል። እዚህ ላይ ደም ራሱ አምራች ሆኖ መገኘቱ አስደንቆናል፦ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሜላቶኒን እንደሚሠሩ የስፔን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 አሳይተዋል፤ የሚጠቀሙበትም ለበሽታ መከላከል ሥራቸው ነው።

እህታችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ አምፖል አብርታ ምጣድ ሥር ናት። ይህን ማንም አልጠየቃትም፤ እኛም ጭምር። ሐዘኗ እውነት ስለሆነ ጤና ጣቢያ አብረናት ሄደናል፤ ክትትልም ጀምራለች። ጎረቤቷ የሆነች አባልም ሌሊቱን በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ሊጋግሩ ተስማምታለች።

የቀረባት ዕዳ 3,200 ብር ነው። ሳንጠይቅ የፈረምነው እኛ ስለሆንን፣ ከብድር መዝገብ ወጥቶ ወደ ሕክምና ድጋፍ እንዲዛወር እንጠይቃለን። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ መዝገቡ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው።