በስልክ ስለሚመጣ ሌባ፤ ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተሰጠ ንግግር



ባለፈው ውሃ ስለ ማፍላትና እንስራ ስለ መክደን ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ በየቤታችን ስለ ገባው ስልክ እንነጋገራለን። እንስራ የምንከድነው ቆሻሻ ሳናየው ስለሚገባ ነው፤ የስልክም ሌባ በር ሳያንኳኳ ይገባል።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክና መቀበል ቀሏል። በግ የተሸጠበት ገንዘብ፥ ልጅ ከከተማ የላከችው ገንዘብ በስልክ ይቀመጣል። ቁልፉም የምሥጢር ቁጥሩ ነው።

ታዲያ ሌባው ምን ይላል? «እማማ፥ እንኳን ደስ ያለዎት! ዕጣ ወጥቶልዎታል» ይላል። ወይም «ከቴሌ ነው የምደውለው፤ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ኧረ ተጠንቀቁ! እውነተኛ ሠራተኛ የምሥጢር ቁጥር አይጠይቅም። ስለዚህ፤

1ኛ/ የምሥጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ። ማንበብ የማትችል እናት መልእክቱን የምታምነው ልጅ ያንብብላት፤ ቁጥሩን ግን ራሷ ትምታው።

2ኛ/ የሚያጣድፋችሁ ሰው ሲደውል ስልኩን ዝጉ። «ገንዘብ በስሕተት ልኬብዎታለሁ፥ ይመልሱልኝ» ቢላችሁም አስቀድማችሁ ሒሳባችሁን እዩ፤ ከቤተ ሰብ ጋራም ምከሩ።

3ኛ/ የማያውቁት ሰው በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ፎቶግራፍ ቢጠይቃቸው ወይም ቢያስፈራራቸው፥ ልጆች ወዲያው እንዲነግሯችሁ ከአሁኑ አስተምሯቸው። ሲነግሯችሁም አትቆጡ። ቁጣ የፈራ ልጅ ይደብቃል፤ ያልታጠበ ቁስልም ያመረቅዛል።

የተታለለ ቢኖር አይፈር። ሳይውል ሳያድር በ127 ለቴሌብር ይደውል፤ ለፖሊስም ያመልክት። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ይህን ለቤተ ሰቡ ሁሉ ንገሩ።